ድኻው ቋንቋው ነው ወይስ ቆጣሪው?

«አማርኛ ድኻ ነው» የሚለውን ፍርድ ከተማረውም ካልተማረውም አፍ መስማት ሰለቸኝ። ማስረጃ ሲጠየቁ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አንዱን ቃል ለሺህ ነገር እናውለዋለን፤ እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ ነገር የየራሱ ቃል አለው» ይላሉ። እስቲ ማስረጃቸውን እንመርምረው።

እንግሊዞች «ራን» የሚሏት ቃል አለች። ትምህርት ቤት «ሮጠ» ማለት ናት ተብለን ተምረናታል። በእነሱ አፍ ግን የሚሮጠው ሯጩ ብቻ አይደለም። ወንዙ ይሮጣል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫ ይሮጣል፤ ሞተሩ ይሮጣል፤ ሲታጠብ የሚለቅ ቀለም ይሮጣል፤ ለምርጫ የሚወዳደር ፖለቲከኛ ይሮጣል፤ ሥራ አስኪያጁም ድርጅቱን «ያሮጠዋል»። ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንዱ የሆኑት ፒተር ጊሊቨር ለዚህች አንዲት ግሥ 645 ፍቺ እንደቆጠሩላት እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘግቧል።

ምንጯም ቢሆን አንድ አይደለም። ከጥንታዊው እንግሊዝኛ በተወረሰችው ቃል ላይ ከሰሜን ባሕር ተሻግረው የመጡት ቫይኪንጎች ቋንቋ ተደርቦባታል። ታዲያ ይህን ሁሉ ስለተሸከመች «እንግሊዝኛ ደኸየ» ያለ ማን ነው? ለእነሱ ሀብት፣ ለእኛ ድህነት!

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የእኛን «ያዘ» ተመልከቱ። ፖሊስ ሌባ ይይዛል፤ ጋን ውኃ ይይዛል፤ ተሳፋሪ ወንበር ይይዛል፤ የተቀየመ ቂም ይይዛል፤ ሐኪም ቤት የሚሄድ ቀጠሮ ይይዛል። «ሥራ ያዝኩ» ያለ ሰው ደመወዝተኛ ሆኗል፤ «ሥራ ያዘኝ» ያለ ግን ከቀጠሮው ቀርቷል። በሁለት ፊደል ልዩነት ያዡ ተያዥ ሆነ። ይህ ነው ድህነት?

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የእንግሊዞቹ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1857 ታሰበ፤ የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ታተመ፤ ሥራው የተጠናቀቀው በ1928 ነው። ብዙ በጎ ፈቃደኞች ከየመጽሐፉ ጥቅስ እየለቀሙ በቁራጭ ወረቀት ላኩ። ዋናው አዘጋጅ ጄምስ መሪ ፍጻሜውን ሳያዩ በ1915 ሞቱ፤ ሥራው ግን አልሞተም።

በእኛ አገር ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በአመዛኙ የጥቂት ሊቃውንት ድካም ነው። አማርኛችንን በሁለት ትልልቅ ጥራዝ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1990 ጀርመን አገር ያሳተሙልን አሜሪካዊው ቶማስ ኬን ናቸው። የእነሱ ሀብት በሕዝብ ተሳትፎ ተቆጠረ፤ የእኛ ለጥቂቶች ትከሻ ተተወ። ያልቆጠሩትን ገንዘብ «የለም» ብሎ ልጅን በቋንቋው ማሳፈር ደግሞ ግፍ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ «አማርኛ ድኻ ነው» የሚለኝ ሰው አስቀድሞ የ«ያዘ»ን ፍቺዎች ጽፎ ያምጣልኝ። እጁ ሲዝል እንነጋገራለን።