«በሽታውን የደበቀ» ከማለታችን በፊት፣ ለምን ደበቀ?

እዚህ ብዙ ጊዜ የምንገናኘው ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ልጆች ክትባት ልናወራ ነው። ዛሬ ግን ስለ ታካሚ ምስጢር የራሴን አስተያየት ላካፍላችሁ። ረዘም ይላል፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው። እኛም የጤና ባለሙያዎች ዘግይቶ የመጣን ታካሚ የምንቆጣው በዚሁ አባባል ነው። አባባሉ ግን ጥፋቱን በሙሉ በደበቀው ሰው ላይ ይጥላል። ምን ፈርቶ ደበቀ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

መካነ ሰላም ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ከካርድ ክፍል እስከ መድኃኒት ቤት ስትሄዱ የሚያውቃችሁ ሰው አይጠፋም። ከወግዲ፣ ከከላላ ወይም ከሳይንት የመጣውም ቢሆን ወረፋው ላይ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያገኛል። የሰው ወሬ የለመድነው ችግር ነው፤ በር ዘግቶ በመመርመርና ካርድ በአግባቡ በመያዝ ይቀንሳል። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ፍርሃት አለ። «ለሐኪሟ የነገርኳት ነገር ነገ ቢሮ ውስጥ ይጠብቀኛል» የሚለው ፍርሃት ነው።

ይህ ፍርሃት ከመሬት አልበቀለም። ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. የተቋቋመው የከተማ ቦታንና ቤትን ለማስተዳደር ነበር። በቀይ ሽብር ዘመን ግን ያው ቀበሌ የቤት ለቤት ፍተሻና የእስር መሣሪያ ሆነ። ወላጆቻችን ከዚያ የወሰዱት ትምህርት ግልጽ ነው፤ ለአንድ ዓላማ የተሰጠ መረጃ ለሌላ ዓላማ ሊውል ይችላል።

በቅርቡ ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 8 በተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ፤ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ለተጨማሪ አራት ወር ተራዘመ። አዋጁ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝንና መፈተሽን ፈቅዶ ነበር። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ሰውነታችን፣ ቤታችንና ደብዳቤያችን ያለ ሕግ እንዳይበረበር ይጠብቃል። አንቀጽ 93 ግን በአስቸኳይ ጊዜ ፈጽሞ የማይገደቡ መብቶችን ሲዘረዝር አንቀጽ 26ን አላካተተም። ስለዚህ የግል ሕይወታችን ጥበቃ ከሁሉ ቀድሞ ሊሸረሸር የሚችል መብት ነው።

«ዶክተር፣ ይሄ ፖለቲካ ነው፤ አንቺን ምን አገባሽ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። የሚያገባኝ በዚህ ነው፦

🔹 የቆሰለ ሰው «ማን አቆሰለህ ይሉኛል» ብሎ ቤቱ ሲቀመጥ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ሊይዘው ይችላል። አጥንቱ ተሰብሮ ቆዳውን ከቀደደ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት። በሦስተኛው ቀን ከመጣ እግሩን ማትረፍ ይከብዳል።

🔹 የተደፈረች ሴት እርግዝናንና ኤች.አይ.ቪን የሚከላከል መድኃኒት ማግኘት የምትችለው ቶሎ ከመጣች ነው። ለኤች.አይ.ቪ መከላከያው ገደቡ 72 ሰዓት ነው። «ስሜ የት ይጻፋል?» ብላ ስታመነታ ሰዓቱ ያልፋል።

🔹 የቲቢ ታካሚ አድራሻውን አሳስቶ ከተናገረ፣ ቢያቋርጥ ፈልገን አናገኘውም። ያቋረጠ ቲቢ መድኃኒት የተላመደ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ያኔ የሚጎዳው ቤተሰቡም ጭምር ነው።

🔹 እንቅልፍ ያጣ፣ የሚሸበር፣ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ያየውን ካልተናገረ እኔ ምኑን አክማለሁ?

መርማሪ ዘመናዊ መሣሪያ ባለበትም ቢሆን የምርመራው ትልቁ ክፍል ታካሚው የሚነግረን ነው። በእኛ ደጋ፣ ብዙ ምርመራ ለማሠራት ደሴ ድረስ መሄድ በሚያስፈልግበት አካባቢ፣ የታካሚው አፍ ዋናው መሣሪያችን ነው። አፉን ፍርሃት ከዘጋው ሕክምናው በግምት ይሆናል።

መንግሥት ወንጀለኛን አይያዝ እያልኩ አይደለም። ለዚያ ሕጉ መንገድ አበጅቷል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 399 ሐኪምን፣ ነርስንና ፋርማሲስትን የሥራ ምስጢር ካወጡ ይቀጣል። ምስጢሩ የሚገለጥባቸውንም ሁኔታዎች ቀጥሎ ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ ታካሚው ሲፈቅድ ወይም ፍርድ ቤት በዚያ በተለየ ጉዳይ ላይ ሲያዝ። ኮሌራና ኩፍኝ ሲገኙም ሪፖርት እናደርጋለን፤ ይህ ሌላውን ሰው ለማዳን ነው፣ ዓላማውም የታወቀ ነው። እኔ የምቃወመው አንድ ሰው ማዕረጉን ብቻ ይዞ መጥቶ «መዝገቡን አሳዩኝ» የሚልበትን አሠራር ነው። ጠያቂው የመንግሥት ሰውም ይሁን ሌላ የታጠቀ ኃይል ልዩነት የለውም። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ፕሮቶኮልም በእርስ በርስ ግጭት ጊዜ በሙያው ሥነ ምግባር መሠረት ያከመ ሰው፣ የታከመው ማንም ይሁን፣ እንዳይቀጣ ይደነግጋል።

መንግሥት ራሱን ሲገድብ ምን እንደሚገኝም አይተናል። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር መድኃኒቱ ብቻውን ሰው አላመጣም። ሰው ለመመርመር የደፈረው ውጤቱ በእሱና በአማካሪው መካከል እንደሚቀር ሲያምን ነው።

አሁን መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። የፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ወስዶ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። ጥቅም አለው፤ ካርዱ የጠፋበትን ታካሚ ማንነት ለማወቅ ይረዳል። ነገር ግን ካርድ ክፍል ያለ ወረቀት ለመበርበር ሰው መምጣት ነበረበት፤ የተያያዘ መረጃ ግን ከሩቅ በአንድ ጊዜ የብዙ ሺህ ሰው ሊታይ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል፤ ይህ ጥሩ ጅምር ነው። ተቆጣጣሪ የሆነው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ግን ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። መረጃውን የሚጠይቀው ሌላ የመንግሥት አካል ሲሆን «አይሆንም» ማለቱን በተግባር ማየት እንፈልጋለን።

እናንተስ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

✅ «ይህን የምትጽፉት ለምንድን ነው? ማን ያየዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ መብት ነው።
✅ ክፍሉ ውስጥ የማይመለከተው ሰው ካለ «ብቻዬን ላናግርዎት» በሉ።
✅ የሰው ካርድ ወይም የላብራቶሪ ውጤት ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም አትላኩ፤ በዚህ ገጽ አስተያየት መስጫ ሥርም አትለጥፉ።
✅ የጤና ባለሙያ ከሆናችሁ፣ መዝገብ ስትጠየቁ ብቻችሁን አትወስኑ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ በጽሑፍ እንዲመጣ ጠይቁ፤ ኃላፊያችሁም ይወቀው።

ባለሙያ ብቻውን ቆሞ «አይሆንም» እንዲል መጠበቅ ግን ከባድ ሸክም ነው። ይህን ሸክም መሸከም ያለበት ሕጉና ሕጉን የሚያስከብረው አካል ነው። እስከዚያው ምንም ዓይነት ፍርሃት ቢኖርባችሁ ሳትታከሙ ቤት አትቅሩ። የሚጨንቃችሁን ነገር ካርዱ ከመከፈቱ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ምን እንደሚጻፍ አብራችሁ ተነጋገሩ።

ጤናና ሰላም ይብዛላችሁ። ይጠቅማል ካላችሁ ለወዳጆቻችሁ አጋሩት 🙏