የሱብሒው ቁርጥማት "ብርድ ነው" ተብሎ አይታለፍ



ጎብዬ ቆላ ናት። የራያ ሜዳን ሙቀት ሁላችንም እናውቀዋለን። እንዲያም ሆኖ የአንዱ ጣት ሲያብጥ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ሲለው መልሳችን "ብርድ መቶት ነው" ነው። ካልሆነም "ዐይን ነው" እንላለን። በዚህ መሐል ወራት ያልፋሉ። ይህን ልማድ መተው አለብን።

የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። ማሽላ ስናጭድ ውለን ለዒሻእ የሚያመን፣ አርፈን ስናድር የሚሻለን ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ የድካም ነው። ለሱብሒ ስንነሳ ጣት አልጨበጥ፣ ለሱጁድ ጉልበት አልታጠፍ ብሎ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ ስንንቀሳቀስ የሚላላና እብጠት ያለበት ግን ሌላ ነው። የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን እያጠቃ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ሕመሞች አንዱ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው፤ ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይይዛል። እናታችን ሊጥ ማቡካት ሲያቅታት "እርጅና ነው" ብለን አንለፋት።

በዚህ ጥቃት ስሙ ከሚነሳው አንዱ ማስት ሴል የተባለ ሕዋስ ነው። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ ነው፣ በ1878 እ.ኤ.አ.። በቆዳ፣ በሳንባ፣ በአንጀት፣ በመገጣጠሚያ ሽፋንም ይገኛል። ሂስታሚንና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ይዞ ይጠብቃል፤ ሲነሳሳ ይዘረግፋቸዋል። ቆዳ ላይ ከሆነ ያሳክካል፣ ሽፍታ ያወጣል። ሩማቶይድ በያዘው መገጣጠሚያ ውስጥም በዝቶ ተገኝቷል።

ጥፋቱ ግን የእርሱ ብቻ ነው አንልም። በ2002 እ.ኤ.አ. ማስት ሴል የሌላቸው አይጦች ሕመሙ እንዳልያዛቸው ታየ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማስት ሴል የሌላቸው ሌላ ዓይነት አይጦች ታመሙ። ክርክሩ አልተዘጋም። ማስቶሳይቶሲስ የሚባል፣ ይኸው ሕዋስ ከልክ በላይ የሚበዛበት ብርቅ ሕመምም አለ፤ ከቆዳ ማሳከክ ጋር የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል።

ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ቁርጥማት ሲይዘን ያለ ሐኪም ትእዛዝ "ዳይክሎፌናክ ውጋኝ" ማለት ለምደናል። እንዲህ ያለው ማስታገሻ በአንዳንድ ሰው ላይ ማስት ሴልን ይቀሰቅሳል፦ ፊት ይቀላል፣ ሰውነት ያሳክካል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል። እንዲህ ሆኖብን የሚያውቅ ከሆነ ሳንወጋ እንናገር። ዴክሳሜታዞንም ሕመሙን ያስተኛል እንጂ አያድንም፤ ሲዘወተር አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል።

ሩማቶይድ ሳይታከም ሲቆይ አጥንትን ይበላል፤ የተበላው አይመለስም። በጊዜ ከተደረሰበት ግን በሐኪም ክትትል የሚያስቆሙት መድኃኒቶች አሉ። ወልድያ ለገበያ የምንሄደውን ያህል ለጉልበታችንም እንሂድ።

መቆም ላቃተው ተቀምጦ መስገድ ተፈቅዷል፤ የአላህ እዝነት ነው። ይህ ግን ሕክምናን አያስቀርም። ዱዓችንንና ሩቅያችንን ሳንተው ሰበቡንም እናድርስ።

አላህ ዐፊያ ይስጠን፤ የታመሙትን ያሽርልን። ሱብሒ ላይ ጉልበቱን ይዞ የሚያቃስት ዘመድ ያለን ዛሬውኑ እንንገረው።