ስሙ ቡና ቤት፣ ግብሩ አረቄ ቤት



የማኅበራችን አዳራሽ ማታ ማታ ለቡና ይከፈት የሚል ሐሳብ ከቀረበ ወዲህ ብዙ ተወርቷል። «ማታ ቡና ቤት የሚያመሽ ዋልጌ ነው» የሚሉ አሉ። እኛም እንጠይቃለን፤ ለመሆኑ አሁን ሰው የት ነው የሚያመሸው? በየከተማው ቡና ቤት ተብሎ የተጻፈበት ገብታችሁ እዩ፤ ሲመሽ ቢራና አረቄ ነው። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ማለት ይኼ ነው።

ቡናው ከአገራችን ተሻግሮ የመን ሲደርስ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት የዚያ አገር ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎት እንቅልፍ ማባረሪያ አደረጉት። ዛሬም የየመን ተወላጆች በአሜሪካ እንዲሁ ያመሹበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በሚሺጋን፣ ዲርቦርን ከተማ ቀህዋ ሀውስ የሚባል ቤት ተከፈተ፤ እንዲህ ያሉት ቤቶች በሌሎች ከተሞችም በዝተዋል። አልኮል የለም። ሄል የገባበት ቡና፣ የወተት ሻይ፣ ማር የፈሰሰበት ዳቦ አለ። ተማሪው ደብተሩን፣ አባት ልጆቹን ይዞ ያመሻል። የማይጠጣ ሰው መቀመጫ አገኘ ማለት ነው።

«ይኼ የሙስሊም ልማድ ነው» ለሚሉን፣ አያቶቻችንም ስለ ቡናው ራሱ እንዲሁ ብለው ነበር። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ ብዙው ክርስቲያን ቡና አይቀምስም ነበር፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው ነገሩ የላላው። መካ ላይም እ.ኤ.አ. በ1511 ቡና ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላው ግን አልቆየም። ዛሬ ማን ነው ቡና የሚጠላ?

«በየቤቱ ይፈላ የለም ወይ?» ይባላል። ይፈላል፤ ግን ማን ነው የሚያፈላው? ቀኑን ሙሉ ውኃና እንጨት ስትሸከም የዋለችው እናት ናት። ጎረምሳውም እናቱ ጉያ ቁጭ ብሎ አያመሽም፤ ወደ አረቄው ይሄዳል።

ቡና ውድ ነው፤ እውነት ነው። የመንዝ ደጋ ገብስ እንጂ ቡና አያበቅልም። አረቄውስ በነጻ ነው እንዴ? ማኅበራችን ተቀምጦ የሸመገለው የማታ ጠብ አብዛኛው መነሻው አረቄ አይደለም ወይ? የተፈነከተ ራስ፣ የተሸጠ በግ፣ ቤቷን ጥላ የሄደች ሚስት በሒሳብ ይግባ እንጂ!

የእኛ ሐሳብ አጭር ነው። ፀጥታው በፈቀደ ቀን አዳራሹ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይከፈት። የምታፈላው ሴት በሲኒ ሒሳቧን ትቀበል። ብርዱን ባና ተከናንበን እንችለዋለን። ገበጣውም ዳማውም ይግባ፤ አረቄ ግን ከደጅ ይቅር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ እንወያያለን። የሚቃወምም ይምጣ፤ ግን በየአጥሩ ሥር ማንሾካሾኩን ትቶ ተነሥቶ ይናገር።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት