ባቡሩ ሲቀየር ቲኬቱም ይፈታ

የጀርመን ምድር ባቡር የበርሊንና የሃምቡርግን መስመር ከኦገስት 2025 ጀምሮ ለወራት ዘግቶ ለማደስ መነሳቱ አያስወቅሰውም። ሐዲድ ያረጃል። ፈጣን ባቡሮቹ በሽቴንዳልና በኡልሰን በኩል ሲዞሩ ጉዞው 45 ደቂቃ ያህል መርዘሙም የሚቻል ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ቲኬቱ ነው። በኢንተርኔት ቀደም ብሎ የሚቆረጠው ርካሽ ቲኬት መንገደኛውን ከአንድ ባቡር ጋር ያስረዋል። ባቡሩ ራሱ ሲዘገይስ? ደንቡ መልስ አለው፦ መድረሻው ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ እስሩ ይፈታል፤ 60 ደቂቃ ከዘገየ የዋጋው 25 በመቶ፣ 120 ከሆነ 50 በመቶ ይመለሳል። (መዘግየቱ ከግዢው በፊት ከተነገረ ግን ካሳ የለም።)

መብቱስ ጥሩ፤ የሚያውቀው ስንቱ ነው? እዚያ ያሉ ወገኖቻችንን አስቡ። ልጅ በስልኩ ለእናቱ ቲኬት ይቆርጣል። የለውጡ መልእክት የሚሄደው ወደ ልጁ ኢሜይል ነው፤ እሱ ሥራ ላይ፣ እናት ጣቢያ ቆመው በጀርመንኛ የሚነገረውን ያዳምጣሉ። ቅጣት ፈርተው ሁለተኛ ቲኬት ቢገዙ ማን ይፈርድባቸዋል?

የጥገናውን ቀን ቀድሞ የሚያውቀው ሻጩ ነው። እንግዲያው ሲሸጥ የተጓዡንም ስልክ ይጠይቅ፤ ባቡሩ ሲቀየር «በሌላ ባቡር መሄድ ይችላሉ» የሚል መልእክት፣ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ፣ እዚያው ቲኬቱ ላይ ይውጣ።