ነጋሪት ጆሮ የለውም

በድሮው ዘመን መንግሥት ሕዝቡን ሲፈልገው በገበያ ቀን ነጋሪት ያስጎስም ነበር። «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ አሰማ!» ይባላል፤ አዋጁ ይነበባል፤ ገበያተኛው ዕቃውን ሸጦ ወደ ቤቱ ይገባል። ነጋሪቱን «ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ነጋሪት ድምፅ እንጂ ጆሮ የለውማ!

ዛሬ ነጋሪቱ ስሙን ለውጦ ፌስቡክ ተብሏል። ክልሉም፣ ዞኑም፣ ወረዳውም የየራሱን ገጽ ከፍቷል። እስቲ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ስብሰባ ተካሄደ፣ ክቡር አስተዳዳሪው መመሪያ ሰጡ፣ ከጀርባ ባነር፣ ከፊት የታሸገ ውሃ። ከሥሩ አንዱ ምስኪን «የእኛ ቀበሌ ውሃስ መቼ ነው?» ብሎ ይጽፋል። መልስ? ወፍ የለም!

ይህ ለአዲስ አበቤ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ጌጫ ላይ ግን ቀልድ አይደለም። ጌጫ የሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ መቀመጫ ናት። አገሩ የደን፣ የቡና፣ የማርና የእንሰት አገር ነው። ገበሬው ከገጠር ቀበሌ በጭቃ ተጉዞ ወረዳ ሲደርስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ከተባለ ቀኑ ባከነ ማለት ነው። የቡና ለቀማ ወቅት ከሆነማ ኪሣራው የትየለሌ ነው። ለዚህ ሰው በስልኩ የሚደርሰው አንድ መስመር መልስ የአንድ ቀን መንገድ ያድንለታል።

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ በኅዳር ወር የደቡብ ምዕራብ ክልል ሲመሠረት ከምክንያቶቹ አንዱ «ሐዋሳ ራቀን» የሚል ነበር። እሺ፣ ቢሮው ቦንጋ ድረስ ቀረበ። ጆሮው ካልቀረበ ምን ዋጋ አለው?

እንደሚቻል ያሳየች ትንሽ ከተማ አለች። በስፔን ግራናዳ አጠገብ ኹን የምትባል፣ ያኔ 3,500 ያህል ሕዝብ የነበራት ናት። ነዋሪው «የመንገድ መብራት ጠፋ» ብሎ በትዊተር ለከንቲባው ይጽፍ ነበር፤ ከንቲባው ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ያስተላልፍ ነበር፤ ሠራተኛው ጠግኖ ሲጨርስ ፎቶውን ይለጥፍ ነበር። ሁሉም ሕዝብ ፊት ነበር። ትልቅ ገንዘብ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ሥራውን በአደባባይ መሥራትን ነው።

እኛም ጋ ከባድ አይደለም። ወረዳው ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱን፣ የሚመለከተውን ክፍልና የሚፈጸምበትን ቀን ይጻፍ። የቀበሌ በጀትና ወጪ ይለጠፍ። ሁሉም ማንበብ ስለማይችል በሸካ ቋንቋ በድምፅ ይላክ። ስልክ ለሌለው ደግሞ ያው መልስ በቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ፤ በገበያ ቀን ይነበብ። ይህ ችሮታ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000ም መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠው ያዛል።

ፍርሃቱንም አንደብቀው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከወጣ ወዲህ ሰው አስተያየት ከመጻፉ በፊት ሦስቴ ያስባል። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገር ደረጃ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆይተዋል። በሩን ቆልፎ «ሕዝቡ ለምን አይሳተፍም?» ማለት ምን ይባላል? የጠየቀን ሰው የማያስር አስተዳደር መሆኑን በተግባር ያላሳየ ወረዳ አሥር ገጽ ቢከፍት የሚያገኘው ጭብጨባ ብቻ ነው።

ጥያቄ መልስ ሲያጣ ምን እንደሚመጣ ሸካ ያውቀዋል። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. በቴፒና በአካባቢው በአስተዳደር ጥያቄ ሳቢያ በተነሳው ግጭት ብዙ ሰው አልቋል። ያኔ ፌስቡክ አልነበረም። ዛሬ ግን ወሬ ከቴፒ ማሻ፣ ከማሻ ጌጫ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም። ባለሥልጣን ዝም ካለ መድረኩን የሚረከበው ወሬኛ ነው።

እናም የወረዳ ሹማምንት ሆይ፣ ፎቶው ይቆያችሁ። ዛሬ ማታ ገጻችሁን ክፈቱና ከሥሩ ከተጻፉት ጥያቄዎች አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ መልሱ። ጀማሪዋ አንድራቻ ብትሆን ማን ይጠላል?