«ጉዋ»፦ ኃይልና ጥሩነት በአንድ ቃል

በጁባ ገበያ የሚነገረው ዐረብኛ ከጦር ሠፈር የተወለደ ቋንቋ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በቱርክና ግብፅ አገዛዝ ወቅት፣ ቋንቋቸው የተለያየ ወታደሮች ለመግባባት ያበጁት ንግግር ውሎ አድሮ የሻጭና የገዥ፣ የጎረቤትና የጎረቤት መግባቢያ ሆነ። በዚህ ንግግር «ጉዋ» ማለት ኃይል ነው፤ በኑዌር ቋንቋ ግን «ጥሩ» ማለት ነው። ደቡብ ሱዳናዊው ድምፃዊ ኢማኑኤል ጃል በዝና ላወጣው ዘፈን ይህንኑ ቃል ርእስ አድርጎ መምረጡ ያለ ምክንያት አይደለም።

ጃል እናቱን በጦርነት ያጣ፣ ከብዙ ሕፃናት ጋር በእግሩ ተጉዞ በእኛው ጋምቤላ በፒኝዶ የስደተኞች ጣቢያ የተጠለለ፣ በኋላም ጠመንጃ አንግቦ እንዲዋጋ የተደረገ ልጅ ነበር። ኤማ መኩን የተባለች እንግሊዛዊት የእርዳታ ሠራተኛ በአውሮፕላን ደብቃ ናይሮቢ አደረሰችው፤ እርሷም በ1993 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ ሞተች። ያ ልጅ አድጎ ራፕ የተባለውን የዘመኑን ስልት ከአገሩ ዜማ ጋር አዋሐደ። «ጉዋ»ን በዐረብኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊ፣ በዲንቃና በኑዌር ቃላት አቀነቀነው፤ ኬንያም ተቀበለችው።

ከሁሉ የላቀ ሥራው ግን በ2005 እ.ኤ.አ. «ተኩስ አቁም» የሚል ትርጉም ባለው አልበም ከሰሜን ሱዳናዊው የዑድ ተጫዋች ከዓብደል ጋድር ሳሊም ጋር መጣመሩ ነው። አንዱ ክርስቲያን የደቡብ ልጅ፣ ሌላው ሙስሊም የኮርዶፋን ሰው ነው። የሱዳን ዜማ በአምስት ድምፅ ቅኝት የተቃኘ በመሆኑ ለእኛም ጆሮ ባዕድ አይደለም። በዚያ አልበም የዑዱ ክር የወጣቱን ፈጣን ንግግር ይከተላል እንጂ አይውጠውም። ጃል ከዚያም ወዲህ የሌላውን በጎ ፈቃድ ሳይጠብቅ በራሱ መንገድ ሠርቷል፤ በሌር ትምህርት ቤት ለማሠራት ገንዘብ ሲያሰባስብም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እየተመገበ ሰንብቷል።

«ይህ ሁሉ ዘፈን ጥይት አስቆመ ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ነጻነቷን ባወጀች በሦስተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ 2013፣ ጁባ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ፤ በ2016ም ተደገመ። በመስከረም 2018 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ስምምነትም በድርድር የመጣ እንጂ በዜማ የተገኘ አይደለም።

ስለዚህ ከከያኒ የአዛዥን ሥራ መጠበቅ ስሕተት ነው እንላለን። ዘፈን ክላሽንኮቭን ከሕፃን ትከሻ አያወርድም፤ ማውረድ ያለበት ሕፃኑን ያሰለፈው አዛዥ ነው። ሕፃን ያሰለፈ ጦር ውጊያ ቢያሸንፍ እንኳ ለነገው አገር ተረካቢ አያስቀርም። የውትድርና ሙያ ክብር የሚጀምረው ለአካለ መጠን ያልደረሰውን ከሰልፍ በመለየት ነው።

የከያኒው ድርሻ ሌላ ነው፤ ከዚያ ሰልፍ የተረፈው ልጅ ምን እንዳየ ለወታደሩም ለከተሜውም መንገር ነው። ጃል ድርሻውን ተወጥቷል። ኃይልና ጥሩነትን በአንድ ቃል ማዋል ለዘፋኝ ከተቻለው፣ መሣሪያ በእጁ ያለውማ እንዴት ይሳነዋል?