ባሕሩ ጥግ አድሮ ለንደን መዋል

በሰዓት 225 ኪሎ ሜትር መብረር የሚችለው ባቡር በእንግሊዝ ኬንት አውራጃ ባሕር ዳር ካለችው ከፎክስተን ከተማ ሲነሳ አይበርም። እስከ አሽፎርድ የሚጓዘው እ.ኤ.አ. በ1843 ፎክስተን በደረሰው አሮጌ መስመር ላይ ነው። አሽፎርድ ላይ ኤሌክትሪኩን ከሐዲዱ ጎን መውሰድ ትቶ ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ይቀበላል፤ የኬንት እርሻዎች በመስኮቱ ወደ ኋላ መሮጥ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው። ከተነሳ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ለንደን፣ ሴንት ፓንክራስ ይገባል። አገልግሎቱ በ2009 መጨረሻ በሙሉ ከመጀመሩ በፊት ይኸው ጉዞ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎም ይወስድ ነበር።

ለንደን ባለን አበሾች መካከል የቤት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ይህ ባቡር ይነሳል። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ አንዱ፣ «እዚህ አንድ መኝታ ቤት በምትገዛበት ገንዘብ እዚያ ጓሮ ያለው ሦስት መኝታ ቤት ታገኛለህ» ይላል። ሌላዋ ሲኒዋን ሳታስቀምጥ፣ «ሰው በሌለበት ጓሮ ምን ሊያደርግለት?» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሁለቱም ስለ ባቡሩ ፍጥነት ተስማምተው ማለፋቸው ነው፤ ነገሩ የሚበላሸውም የሚያምረውም ባቡሩ ፈጣን ባልሆነበት ክፍል ይመስለኛልና።

እስቲ ደቂቃውን እንቁጠር። ባቡሩ ላይ 55። ከቤት እስከ ጣቢያ 15። ያ ባቡር ካመለጠ የሚቀጥለው ቶሎ ስለማይመጣ ቀድሞ ለመገኘት 10። ከሴንት ፓንክራስ እስከ ሥራ ቦታ፣ እድለኛ ለሆነ ሰው፣ 20። በአንድ ጉዞ 100 ደቂቃ፣ ደርሶ መልስ 200። በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት 46 ሳምንት የሚመላለስ ሰው 767 ሰዓት ገደማ መንገድ ላይ ይሆናል፤ ሌሊቱን ጨምሮ 32 ቀን ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚሄድ ከሆነ 307 ሰዓት። ከለንደን ዳርቻ አውቶቡስና ምድር ባቡር እየቀያየረ በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት የሚጓዝ ሠራተኛ በዓመት 460 ሰዓት ያጠፋል። ስለዚህ ሁለት ቀን የሚመላለሰው የባሕር ዳርቻ ነዋሪ አምስት ቀን ከሚመላለሰው የለንደን ነዋሪ ያነሰ ይጓዛል። እርግጥ ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች የለንደኑም ሰውዬ ሁለት ቀን ብቻ ቢወጣ 184 ሰዓት እንደሚበቃው አይናገሩም።

ሰዓቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑም መታሰብ አለበት። ምድር ባቡር ውስጥ የሰው ብብት ሥር ተወትፎ የሚያልፍ 40 ደቂቃና ወንበር ይዞ መጽሐፍ የሚነበብበት 55 ደቂቃ እኩል አይደሉም። ጠዋት ከፎክስተን የተሳፈረ ሰው ወንበር አያጣም፤ ባቡሩ የሚሞላው እየቆየ ነው። «ባቡሩ ላይ እሠራለሁ» የሚለውን ግን በጥንቃቄ ነው የምሰማው። ምሥራቅ ለንደን ካለው ስትራትፎርድ ጣቢያ ወዲህም ወዲያም መንገዱ ዋሻ ነው፤ ስልክ ላይ ተማምኖ ስብሰባ የገባ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሊቀር ይችላል። ብሩኖ ፍሬይ እና አሎይስ ስቱትዘር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የጀርመኖችን የሕይወት እርካታ መረጃ መርምረው፣ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች እርካታቸው ዝቅ እንደሚልና ያገኙት ቤትም ሆነ ደመወዝ እንደማያካክሰው አሳይተዋል። አማካይ ስለ እያንዳንዱ ሰው አይናገርም፤ ሆኖም ቤት ሲገዛ ጓሮው ቀድሞ ዓይን እንደሚገባና መንገዱ ዘግይቶ እንደሚታወቅ ያሳስባል።

ገንዘቡ ላይ ረጅም ማለት አያስፈልግም። በፈጣኑ ባቡር ለመሄድ በአሮጌው መስመር ከሚከፈለው በላይ ጭማሪ አለ፤ የዓመቱ ቲኬት የቤት ብድሩ ሁለተኛ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ከ2021 ወዲህ በ28 ቀን ውስጥ ስምንት ቀን የሚያስጉዝ ትኬት በመምጣቱ በከፊል ከቤት ለሚሠራው ቀለል ብሎለታል። ለንጽጽር ጃፓንን ብንወስድ፣ ከቶኪዮ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባሕር ላይ ከተቀመጠችው አታሚ ሺንካንሰን በተባለው ፈጣን ባቡር የሚመላለሱ ሠራተኞች አሉ፤ እዚያ ግን የመመላለሻውን ወጪ አሠሪው መሸፈኑ የተለመደ ነው፣ መንግሥትም በወር እስከ 150 ሺህ የን ድረስ ግብር አይጠይቅበትም። እንግሊዝ አገር ሠራተኛው ግብር ከተቆረጠበት ደመወዙ ላይ ይከፍላል። ስለዚህ «ጃፓኖች ያደርጉታል» የሚለው ክርክር እዚህ ሲደርስ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል።

ባሕሩስ? «ባሕር ዳር» ሲባል ጣና ድቅን ለሚልብን ሰዎች የጨው ውኃ ጠረን እንግዳ ነው፣ ደስ የሚል እንግዳ። በጁን ወር ፎክስተን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ከባቡር የወረደ ሰው ልብሱን ቀይሮ፣ ልጆቹን ይዞ፣ ሰኒ ሳንድስ የተባለችው ትንሽ አሸዋ ላይ ለመድረስ በቂ ብርሃን አለው፤ ሰማዩ ከጠራ ፈረንሳይ ማዶ ትታያለች። ለንደን ውስጥ ይህን የሚተካ ነገር የለም፣ አለ ብዬም አልከራከርም። በዲሴምበር ደግሞ ፀሐይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ወጥታ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። አምስት ቀን የሚመላለሰው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል። ባሕሩን ከሰኞ እስከ ዓርብ በድምፁ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ባሕሩም ዝም ብሎ የሚታይ ነገር ብቻ አይደለም። በ2015 የገና ዋዜማ በማዕበል የተጎዳው ግንብ ከፎክስተን እስከ ዶቨር ያለውን መስመር አዘግቶ፣ መስመሩ የተከፈተው በሚቀጥለው ዓመት ሴፕቴምበር ነበር። ከፎክስተን ወደ ለንደን ያለው ወገን አልተነካም፤ ዶቨር ቤት የገዛው ግን ፈጣን ባቡሩን ለወራት በአውቶቡስ ለውጦታል።

የሚከብደኝ ክፍል ልጆች ሲኖሩ ነው። ኬንት ተማሪ በፈተና መርጠው የሚቀበሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ይዛ የቆየች አውራጃ ናት፤ ፎክስተን ውስጥ ሃርቪ የተባለው የወንዶቹ ትምህርት ቤት ከ1674 ጀምሮ አለ። ልጁ ጎበዝ ነው ብሎ ለሚያምን ወላጅ (የማያምን አበሻ ወላጅ አላጋጠመኝም) ይህ ትልቅ መስህብ ነው። ፈተናውን የማያልፈው ልጅ ሌላ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ግን ቀድሞ ይታወቅ። ከዚያ ደግሞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ስልክ ይጮኻል፤ ልጅ ትኩሳት ይዞታል፣ ኑና ውሰዱት። ሁለቱም ወላጆች ለንደን ከሆኑ የ100 ደቂቃው ሒሳብ ያን ቀን መልኩን ይቀይራል። ለንደን ቢሆን ጎረቤት ያለች አክስት ትላካለች። ሰው የሚለው ቃል፣ ቡናው ላይ የተነሳው፣ ትርጉሙ ይህ ነው። እሑድ ለቅዳሴ፣ ለማኅበር፣ ለለቅሶ ወደ ለንደን መመለስ አይቀርም፤ እሑድ ደግሞ ሐዲድ የሚጠገንበት፣ ባቡሩ ቀርቶ አውቶቡስ የሚመጣበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ስለ ነባሩ ነዋሪ ቡናው ላይ ማንም አያነሳም። ፎክስተንን ከፈረንሳይ ያገናኝ የነበረው መርከብ በ2000 ቆመ፤ ከዚያ በፊት በ1994 የተከፈተው የባሕር ሥር ዋሻ መንገደኛውን ሳያስቆም ያሳልፍ ጀምሮ ነበር። ሮጀር ዴ ሃን የተባለ የአካባቢው ባለጸጋ ወደቡን በ2004 ገዝቶ፣ አሮጌ ቤቶች እየታደሱ ለሠዓሊዎችና ለአነስተኛ ነጋዴዎች እንዲከራዩ አድርጓል፤ በየሦስት ዓመቱ እንዲካሄድ የታሰበ የጥበብ ዐውደ ርእይም ከ2008 ጀምሮ መጥቷል። ከተማዋ ነፍስ ዘርታለች። ነፍሱን ተከትሎ የመጣውን ሰው የኬንት ሰዎች «ዲኤፍኤል» ይሉታል፤ ከለንደን የወረደ እንደማለት ነው። ስሙ ውስጥ ቀልድም አለ፣ ቅሬታም አለ። የለንደን ደመወዝ ይዞ የመጣ ገዢ ዋጋውን ርካሽ ይለዋል፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ያንኑ ዋጋ በዚያው ስም አትጠራውም። ለከተማዋ ገንዘብ ያመጣውም ቤቷን ያስወደደውም ይኸው ባቡር ነው፣ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። እዚያው ዳርቻ ላይ ባለ አሮጌ የጦር ካምፕ ከ2020 ጀምሮ ባሕሩን ተሻግረው የመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች ተቀምጠው ነበር፤ ከመካከላቸው ኤርትራውያንም ነበሩ። ያንኑ ባሕር ለእይታው ስንመርጠው ይህን አለማሰብ ለእኛ ይከብዳል።

የኔ ሚዛን ወዴት እንዳዘነበለ ሳይታወቅ አልቀረም። በሳምንት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ለሚወጣ፣ ሥራው ለሴንት ፓንክራስ ወይም ለስትራትፎርድ ቅርብ ለሆነ፣ ቤት የሚውል አንድ ወላጅ ላለው ቤተሰብ ጉዞው ያዋጣል እላለሁ። ነገር ግን ከኛ ሰው ብዙው ሆስፒታል፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ አውቶቡስ ላይ ነው፤ ሥራው በስክሪን አይሠራም፣ ፈረቃውም ለባቡሩ ሰዓት አይታዘዝም። ሌሊት ባቡር የለም። ለእነሱ አምስቱን ቀን በዚህ መንገድ ማሳለፍ ጓሮውን ለሌላ ሰው ማጠጣት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንዷ ትቃወመኛለች። በሳምንት ሦስት ረጃጅም የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ስትወጣ ሌላው ሰው ወደ ለንደን እየጎረፈ ነው፤ እሷ በተቃራኒው፣ ባዶ ፉርጎ ውስጥ፣ ሁለት ወንበር ይዛ ትሄዳለች። አራት ቀኗ ባሕሩ ጥግ ነው። ሥጋቷ አንድ ብቻ ነው፦ ባቡሩ ፎክስተን ላይ አያበቃም፣ ወደ ዶቨር ይቀጥላል፤ እንቅልፍ የወሰዳት እንደሆነ ራምስጌት ልትነቃ ትችላለች።